በቁርጥ ዋጋ የማያምኑት እጩ

በየሰፈሩ ቁርጥ ዋጋ የሚባል ነገር መኖሩን የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ባሕር ማዶ ያለው የቴሜስካል ሰፈር ደግሞ ጋሽ ሰርፀ አሉት። በርበሬና ሽሮ ይሸጣሉ፤ ሲሸጡ ይከራከራሉ፣ ሲገዙም ይከራከራሉ። የጥርስ ሐኪማቸው "ሁለት ጥርስ ይነቀላል" ሲላቸው "አንዱን ተውልኝ፣ ደንበኛህ ነኝ" ብለዋል። ይህን የተረጎመችው ሱቃቸው ውስጥ የምትሠራው ፀደይ ናት፤ ተርጉማም ግድግዳ ግድግዳውን አይታለች።

ባለፈው ዓመት ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው የአውቶቡስ ፌርማታ አግዳሚ ወንበሩ ተነሣ። ከሐኪም ሲመለሱ እዚያ ያርፉ የነበሩት እማማ ፋንታዬ ቆመው መጠበቅ ጀመሩ። ጋሽ ሰርፀ ይህን ሁለት ቀን አይተው በሦስተኛው ለሰፈሩ ምክር ቤት ሊወዳደሩ ተመዘገቡ።

"ፀዲ፣ እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ አሳምረሽ ትራንስሌት ታደርጊያለሽ።"

በክርክሩ ቀን አወያይዋ ለእያንዳንዱ እጩ ሁለት ደቂቃ እንደተፈቀደ ተናገረች።

"አምስት በያት" አሉ ጋሽ ሰርፀ።

"ጋሼ፣ እዚህ እንደዚህ አይደረግም።"

"እሺ፣ አራት ተኩል።"

ሦስት ላይ ተስማሙ። ሰዓቱ ግን ከመጀመሪያው ይቆጥር ስለነበር ለክቡር እጩው የቀራቸው አሥር ሰከንድ ነው። "ወንበሩን መልሱ" ብለው ተቀመጡ።

አንዲት ርዕሰ መምህርት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ለአርባ አንድ አሸነፈቻቸው። ፀደይ ተገላገልኩ ስትል፣ በማግስቱ ጋሽ ሰርፀ አንድ ኪሎ ሽሮ አንጠልጥለው ይዘዋት ወደ አሸናፊዋ ሄዱ።

"እንኳን ደስ አለሽ በያት። ስድስት ወንበር እንፈልጋለን።"

ሴትዮዋ በጀት ስለሌለ አንድም እንደማይቻል አስረዳች። ጋሽ ሰርፀ በከፍተኛ ሐዘን ወደ አምስት ወረዱ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ የፀደይ ጉሮሮ ደርቆ፣ የሴትዮዋም ቡና ቀዝቅዞ፣ ሁለት ላይ ተጨባበጡ።

ወንበሮቹ በሚያዝያ ተተከሉ። እማማ ፋንታዬ በአንደኛው ተቀመጡ፣ በሌላኛው ቦርሳቸውን አስቀመጡ። ጋሽ ሰርፀ ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው ሲያዩ ቆዩና ወደ ፀደይ ዞሩ።

"እውነቱን ንገሪኝ፣ ለማን ነው ቮት ያደረግሽው?"

"ሚስጥር ነው ጋሼ።"

"በይ ግማሹን ንገሪኝ።"

ፀደይ ከአርባ አንዱ አንዷ ነበረች። ግን እንዲሁ በዋዛ ብትነግራቸው ደስ እንደማይላቸው ታውቃለች።

"ግማሽ ይበዛል" አለቻቸው፤ "ሩቡን።"