የሙክታር ቀኝ እግር

[ሆሳዕና መናኸሪያ፣ ከቀትር በኋላ። የስፖርት መምህሩ ሽብሩ ባዶ እግሩን ቆሞ ባቱን ያሻል። ጫኝና አውራጁ ሙክታር አዲስ ስኒከር አድርጎ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ነገ የሆሳዕና መምህራን ከዱራሜ መምህራን ጋር ይሮጣሉ። ሆሳዕናዎች ሦስት ዓመት በተከታታይ ተሸንፈዋል። ሽብሩ፣ ዘንድሮም ከተሸነፍን አሰልጣኝነቱን እለቃለሁ ብሎ ስብሰባ ላይ ተናግሯል፤ ማንም ሳይጠይቀው።]

ሽብሩ፦ አውልቅ አልኩህ።

ሙክታር፦ አላወልቅም፣ መምህር።

ሽብሩ፦ አምስት ደቂቃ ብቻ። ቡድኑ ሜዳ ላይ እየጠበቀ ነው። በባዶ እግርህ አንዴ ሮጠህ ታሳያቸዋለህ፣ በቃ።

ሙክታር፦ ጫማውን የገዛሁት ሰኞ ነው። ገና አልጠገብኩትም።

ሽብሩ፦ ጫማ ነው የሚያበላሽህ። ሶሉ ወፍራም ሲሆን ሰው ይዘናጋል፤ እግሩን አርቆ ይወረውርና በተረከዙ ያርፋል። ምቱ ቀጥ ብሎ ጉልበት ላይ ይወጣል። ባዶ እግር ስትሆን ግን መሬቱ ስለሚቆረቁርህ እርምጃህን ታሳጥራለህ፤ በፊተኛው የእግርህ ክፍል ቀለል ብለህ ታርፋለህ።

ሙክታር፦ ታዲያ ባትዎን ለምን ያሻሉ?

ሽብሩ፦ እየለመደ ነው።

ሙክታር፦ ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?

ሽብሩ፦ ሦስት ሳምንት። ደረጃ የምወርደው በጎኔ ነው። ጉልበቴን ግን ምንም አላመመኝም።

ሙክታር፦ ሸክሙን ከጉልበት አንስተው ባት ላይ ጫኑት እንጂ አላራገፉትም ማለት ነው። እኛም ጆንያውን ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ስናዞረው ኪሎው ያው ነው።

[ሽብሩ ይህን ነገር ምነው እኔ ባልኩት ብሎ ተመኘ። ስለዚህ እንዳልሰማ ሆነ።]

ሽብሩ፦ አንተ ያለህን አታውቅም። ከወር በፊት አውቶቡስ ሲገባ በባዶ እግርህ ስታባርረው በስልኬ ቀርጬሃለሁ። ጓደኞችህን ሁሉ ጥለሃቸው ሄድክ። እየው፣ ቀኝ እግርህን እየው። መሬት ነካ፣ ወዲያው ከፍ። ግራው ረጋ፣ ቀኙ ፈጠን። ሁለት ቀን ሙሉ አጠናሁት።

ሙክታር፦ ይሄንን ነው ለመምህራኑ ያስተማሩት?

ሽብሩ፦ ለስድስቱም። ጫማ ይዛችሁ እንዳትመጡ ብዬ አስጠንቅቄ። ወንዳፈረው ብቻ አልሆንለት አለ፤ ቀኝና ግራውን እኩል እየረገጠ ይሮጣል። አልገባህም ብዬ ከቡድኑ አሰናበትኩት።

ሙክታር፦ ፈጣን ነበር?

ሽብሩ፦ ከሁላችንም። ግን ዘዴ የለውም።

[ሙክታር ትንሽ አሰበና የቀኝ ጫማውን አወለቀ። ሽብሩ ደስ ብሎት ስልኩን አዘጋጀ። ሙክታር ግን አልተነሳም፤ ተረከዙን አዙሮ አሳየው። መሃሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጠባሳ አለ።]

ሽብሩ፦ ምንድን ነው?

ሙክታር፦ ጠርሙስ ወግቶኝ ነው። ያን ጊዜ መግል ይዞ ጫማ አላስገባ ብሎኝ ነበር። ተረከዜ መሬት በነካ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ትደርስ ነበር።

ሽብሩ፦ ሁሉንም ቀድመህ የለም እንዴ?

ሙክታር፦ እህቴ አሚና የቁስሉን ቅባት ከዱራሜ የላከችልኝ በዚያ አውቶቡስ ነው። እንደኔ ቢያምዎት እርስዎም ይቀድማሉ።

[ሽብሩ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተ። ቀኙ ነካ፣ ከፍ። ነካ፣ ከፍ።]

ሽብሩ፦ እና እኔ ለስድስት መምህራን...

ሙክታር፦ ማንከስ አስተማሩ።

ሽብሩ፦ ያውም በደንብ። በደንብ ያላነከሰውን ደግሞ አባረርኩ።

[አፍሮ ስልክ ደወለ።]

ሽብሩ፦ ሄሎ፣ ወንዳፈረው? ሽብሩ ነኝ። አይ፣ ቁጥር አልተሳሳትኩም፤ የተሳሳትኩት ሌላ ነው። ነገ ትሮጣለህ። በየትኛው ዘዴ? እንደ ጤነኛ ሰው። አዎ፣ ጫማህን አድርግ። ለሌሎቹም ጫማችሁን አምጡ በልልኝ፤ እኔ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ።

[ባቱን ይዞ እያነከሰ ወደ ሜዳው መንገድ ጀመረ። ዞር ሲል ሙክታር የራሱን ስልክ ደግኖበታል።]

ሽብሩ፦ ምን እያደረግክ ነው?

ሙክታር፦ እየቀረጽኩዎት ነው። ዱራሜ ለአሚና ልላክላትና ለእነሱ አሰልጣኝ ታሳየው። የሆሳዕና አዲስ ዘዴ ነው ብላ።