አንተ ቅደም

ትናንት ከምሳ በኋላ ኢንስፔክተር መርዕድ ሕልም አየ። የት ተኝቶ እንዳየው ለጊዜው አልናገርም፤ ቢነገር የሚያሳፍር ቦታ ነው። ብቻ ወርቅ ቤት ዘራፊውን ጉልላትን ከመስከረም ጀምሮ ሲያሳድድ ከርሞ አልያዘውም። በዚያው ጠዋትም አለቃው፣ «ዛሬም ካመለጠህ ፊሽካ ይዘህ መስቀለኛ መንገድ ላይ ትቆማለህ!» ብሎት ነበር።

በሕልሙ የሚሳደደው እሱ ራሱ ሆነ። ጉልላት የመርዕድን የፖሊስ ኮፍያ ደፍቶ፣ ፊሽካ እየነፋ ይከተለዋል።

«ጋሼ መርዕድ፣ ይቁሙ! ሌባ ሳይይዙ ደመወዝ የሚበሉ!»

መርዕድ ወደ በግ ተራ ሮጠ። እዚያ በጎቹ ገዢ፣ ሰዎቹ ተሻጭ ነበሩ። አንድ ቀንዳም ሙክት ጀርባውን ዳበስ ዳበስ አደረገና፣ «ተዉት፣ ይሄ ለበዓል አይደርስም» አለ። የፈረደበት ኢንስፔክተር፣ መናቁ እየከነከነው ታክሲ ውስጥ ዘሎ ገባ። ታክሲው ደግሞ ወደ ኋላ ብቻ ነበር የሚሄደው፤ ሄዶ ሄዶ ጉልላት እግር ሥር አወረደው።

እንደገና ሩጫ። ነፍሱ ልትወጣ ስትል እስር ቤት በር ላይ ደረሰ። እስረኞቹ ቁልፍ ይዘው ውጭ ቆመዋል፤ ዳኛው ውስጥ ሆኖ «ይግባኝ!» እያለ ይጮኻል። ጉልላት ከኋላ ደረሰበትና ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«ይግቡ፣ ጋሼ።»

«ኧረ አይሆንም፣ አንተ ቅደም።»

«በሞቴ! ታላቅ ቆሞ እኔ ልግባ?»

«እኔ ልሙት፣ ትገባለህ!»

ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይገፋፉ ጀመር። መርዕድ ከገባ መውጫ እንደሌለው ስለገባው፣ የበሩን መቃን አንቆ ያዘ።

«ኧረ ግቡና በሩን እንዝጋው!» አለ አንዱ እስረኛ። ትዕግሥቱ አልቆ በሩን በቁልፉ ቆረቆረው። ቋ! ቋ! ቋ!

መርዕድ ባነነ። የሚቆረቆረው የመኪናው መስኮት ነበር። እንግዲህ ልናገረው፤ የተኛው ጉልላት ተደብቆበታል የተባለውን ቤት ሲቪል ለብሶ እንዲጠብቅ በተሰጠችው፣ የፖሊስ ምልክት በሌላት መኪና ውስጥ፣ ያውም በሥራ ሰዓት ነው። መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ጉልላት ራሱ የመኪና ቁልፉን ይዞ ጎንበስ ብሏል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ከእንቅልፍዎ ቀሰቀስኩዎት። በሬን ዘግተውብኝ መኪናዬን ማውጣት አቃተኝ። ትንሽ ጠጋ ይሉልኛል?»

መርዕድ በሕይወቱ እንደዚያ እፎይ ብሎ አያውቅም። ወረደ፤ ካቴናውን አጠለቀለትና የኋላውን በር ከፈተለት።

«በሞቴ፣ አንተ ቅደም» አለው።