የአባ ዳማ ፈረስ አልወፈረም

በእኛ አገር የሚያምር ሕፃን አይቶ «ሲያምር!» ብሎ የሚጮህ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ነገር ፈላጊ ነው። ወግ የሚያውቅ ሰው ሕፃኑን ብድግ አድርጎ፣ ጉንጩን ሳም ሳም አድርጎ፣ «ምን ያስጠላል ይሄ!» ይላል። እናትየውም ደስ ይላታል። እናንተም ብላችሁ ታውቃላችሁ፤ አትካዱኝ። ቤት የሠራ ሰው እየዞረ ሲያስጎበኘን «ምን ቤት ነው ብላችሁ፣ መጠለያ ቢጤ ናት» ይለናል፤ ላሙ መንታ የወለደችለት ደግሞ «ምን ወለደች፣ የማይረባ ነገር ጣለች» ይላል። ዓይን ይበላል ተብሎ ነው። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ስለነበርኩ በዚህ ጉዳይ ያልገጠምኩት ክርክር የለም። ዓይን ብርሃን ያስገባል እንጂ ምንም ነገር አያስወጣም እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ አስተምሬአለሁ። ማን ሰምቶኝ!

ዘመኑ ደግሞ የደርግ ዘመን ነበርና ሌላ ወግ ተጨምሮብን ነበር። ቀበሌ ስብሰባ እንቀመጥና የከሳውን ነገር ሁሉ ወፈረ እንላለን። ምርቱ ወፈረ፣ ማኅበሩ ወፈረ፣ ንቃቱ ወፈረ፤ ጭብጨባ። ከስብሰባው ወጥተን ሰፈራችን ስንገባ ደግሞ የወፈረውን ሁሉ ከሳ እንላለን። እንግዲህ ከጠዋት እስከ ማታ ያየውን ነገር እንዳየው የሚናገር አንድ ሰው ጠፋ። እኔ ልሁን ብዬ ተነሳሁ፤ ያተረፍኩትን ትሰማላችሁ።

የምኖረው ጅማ፣ በቾ ቦሬ ነው። ከአባ ዳማ ጋር የሚለየን አጥር ብቻ ነበር። ስማቸው በኋላ ግር እንዳይላችሁ አሁኑኑ ላስረዳ፦ በጅማ አገር የተከበረ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። ፈረሱ ዳማ ከተባለ ባለቤቱ አባ ዳማ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም። የጥንቶቹ ሰዎች ስሙን ያገኙት ፈረስ ላይ ተቀምጠው ነው። የእኛ አባ ዳማ ግን ከፈረሱ ኋላ የሚቀመጡ ባለጋሪ ናቸው። ዳማ ጨው ይጎትታል፣ ጣውላ ይጎትታል፣ ቆርቆሮ ይጎትታል፣ ወራቱ ሲደርስ ቡና ይጎትታል። ቢሆንም ስም ስም ነው፤ ፈረሱ ከወደቀ ሰውየውም አብረው ወደቁ ማለት ነው።

ወደቀም። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ገበያው መሃል፣ ጣውላ እንደተጫነ ጉልበቱ ከዳውና ዘጭ አለ። ሰው ተረባርቦ ሲያነሳው የጎድን አጥንቱ አንድ ባንድ ይታያል፤ ዳሌው ሾሏል፤ አንገቱ ቀጥኖ የጋሪው ማሰሪያ ይሽከረከርበታል። የባለጋሪዎች ኮሚቴ መጥቶ አየውና ፈረደ። ክረምቱን ይረፍ፤ መስቀል ካለፈ በኋላ በሚደረገው ምርመራ ካልዳነ የጋሪው ታርጋ ይነጠቃል አለ። ከመስቀል በኋላ የሚመጣው የቡና ለቀማ ነው። ባለጋሪ የዓመት እንጀራውን የሚያገኘው በዚያ ወራት ነው፤ ታርጋው ከሄደ አባ ዳማና ሚስታቸው አዴ ሩቂያ ምን እንደሚበሉ እንጃ። አባ ዳማ ያን ቀን ባዶውን ጋሪ ራሳቸው እየገፉ ነው የገቡት። ሳያቸው የፈረሱን ነገር ለእኔ ተዉት አልኩ። ማን ተናገር አለኝ?

ኧረ ምን ያላደረግነው አለ! የእንስሳት ሐኪም ለምኜ አመጣሁ። ሐኪሙ አፉን ከፍቶ አየና፣ የመንጋጋ ጥርሱ ሾሎ ጉንጩን እያቆሰለው አላምጦ መብላት አቅቶታል አለን። በሞረድ ሞረደለት፣ የትል መድኃኒት አጠጣውና «ጥቂት ጥቂት፣ ግን ቶሎ ቶሎ አብሉት» ብሎን ሄደ። እኔና አባ ዳማ ዝናብ የማያስገባ ጋጣ ሠራንለት፤ አዴ ሩቂያ የቡና ጆንያ ቀጣጥለው ብርድ ልብስ ሰፉለት። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። «ጥቂት ጥቂት» የምትለዋን ነገር ለሰፈሩ ሕዝብ ማስረዳት ግን የእኔ አበሳ ሆነ። ሰው ሲታመም ገንፎ አቅርቦ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» የሚል ሕዝብ፣ ፈረስ ሲታመምም ያው ነው። ትምህርት ገና አልተዘጋም ነበርና፣ እኔ ክፍል ገብቼ ሳስተምር አንዱ ፉርሽካ ይዞለት ይመጣል፤ ሌላው የኑግ ፋጉሎ ያመጣል፤ ከመንገዱ ማዶ ጠላ የሚሸጡት ወይዘሮ አስካለ ደግሞ አተላ በባልዲ ይልካሉ። አባ ዳማ አጥባቂ ሙስሊም ናቸውና በአተላው ነገር መጀመሪያ ላይ ተግደርድረው ነበር። በኋላ በኋላ ግን ባልዲው የሚመጣበት ሰዓት እሳቸው መስጊድ የሚሄዱበት ሰዓት ሆነ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳማ ሆዱ ተነፍቶ መሬት ላይ ሲንከባለል ደረስኩ። በዚያ ዶፍ ዝናብ ልጓሙን ይዤ ሽቅብ ቁልቁል ሳንሸራሽረው አመሸሁ፤ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። «ምን አበላችሁት?» ብዬ ስጮህ ሁሉም «ኧረ እኔስ ትንሽ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሰፈሩ ትንሽ በሙሉ ተደምሮ ነው ፈረሱ ሆድ ውስጥ የገባው። ደግነቱ ዳማ ከነሕይወቱ አደረ።

ነሐሴ ሲጋመስ ግን ነገሩ ያዘ። ጎድኑ ተሸፈነ፣ ዳሌው ሞላ፣ አሮጌ ጠጉሩ ረግፎ አዲሱ ማብረቅረቅ ጀመረ። አንድ ጠዋት አጥሩን ተሻግሬ አየሁትና ደስታዬ አምልጦኝ «አባ ዳማ፣ ፈረስዎ እኮ ወፈረ!» አልኩ።

ምነው አፌን በቆረጠው! አዴ ሩቂያ ከማድ ቤት ሮጠው ወጡና ቱ! ቱ! እያሉ ፈረሱን ዙሪያውን እንትፍ እንትፍ አሉበት። አባ ዳማ በድንጋጤ ራሳቸውን ያዙ።

«ያ ረቢ! ባርሲሳ፣ ምን አደረግኩህ?» አሉኝ። ባርሲሳ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። «ምኑን ነው የወፈረው? አጥንት ነው!»

ይህን ሲሉ እጃቸው የዳማ ዳሌ ላይ ነበር። ዳሌው ደግሞ ጢም ብሏል።

«እሺ፣ ማሻአላህ ልበልና ይለፈኝ» አልኳቸው።

«ማሻአላህ ለተራ ዓይን ነው። ያንተ መነጽር አለው።»

በመነጽር የታየ ነገር እጥፍ ድርብ ይጎዳል ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጋጣው የምገባው መነጽሬን አውልቄ እንዲሆን ተፈረደብኝ። እኔ ደግሞ መነጽሬን ካወለቅሁ ፈረሱን ከጋጣው ምሰሶ አልለይም። ስንት ጊዜ ለምሰሶው ፉርሽካ ሰጥቻለሁ!

ሰፈሩም በአንድ ቃል ተነሳ። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ሳይሰድበው አያልፍም። «ይሄ እስካሁን አልሞተም?» ይላል አንዱ። ወይዘሮ አስካለ ባልዲያቸውን እየደፉለት «አሞራ እንኳ ንቆህ ቀረ፣ አንተ ከሲታ» ይሉታል። ዳማ ብልጥ ነው፤ ስድብ ሲሰማ ምግብ እንደመጣ ገብቶት ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ይጠብቃል። እኔ ጠጉሩን አጥቤ ስጨርስ አባ ዳማ እንዳያብረቀርቅ ብለው ጭቃ ይቀቡታል። አጥባለሁ፣ ይቀባሉ፤ አጥባለሁ፣ ይቀባሉ። ክረምቱ በዚህ አለቀ፤ እኔም በንዴት አለቅሁ።

የምርመራው ቀን ደረሰ። ባለጋሪዎች ሁሉ ፈረሶቻቸውን አሳጥበው፣ ጋማቸውን አበጥረው ቀበሌው ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ተሰለፉ። የእኛው ዳማ ከእግሩ እስከ አንገቱ ጭቃ ተለቅልቆ፣ የቡና ጆንያውን ለብሶ መጣ። «አባ ዳማ፣ በፈጠረዎት፣ ዛሬ እንኳ ጆንያውን ያውልቁለት!» ብዬ ብለምናቸው «ይሄ ሁሉ ሰው ባለበት?» ብለው ገላመጡኝ። መርማሪ ሆኖ የተመደበው በቅርቡ ወደ ጅማ የተላከ ወጣት ካድሬ ነበር። ከፈረሶቹ ራቅ ብሎ እንደቆመ ሳየው፣ ፈረስ ከዚያ በፊት በቅርብ እንዳላየ ገባኝ። እንደማያውቅ ደግሞ መናገር አይችልም፤ ካድሬ ነዋ! ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጅቶ ነበር። የእያንዳንዱን ፈረስ ጉዳይ ለሰፊው ሕዝብ ይጠይቃል፤ ሰፊው ሕዝብ አይሳሳትም።

ስለ ሌሎቹ ፈረሶች ሕዝቡ «ደህና ናቸው» አለና አለፉ። ዳማ ጋ ሲደርስ ካድሬው ድምፁን ከፍ አድርጎ «የበቾ ቦሬ ጓዶች! ይህ ፈረስ ድኗል ወይስ አልዳነም?» አለ።

«ምን ይድናል!» አለ ሰፊው ሕዝብ በአንድ ድምፅ።

«አሞራ እንኳ የናቀው ነው ጓድ!» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ካድሬው ወደ ባለቤቱ ዞረ። አባ ዳማ ፈረሳቸውን በፍቅር ዓይን አይተው «ሬሳ ነው» አሉ።

እኔ እጄን አወጣሁ። ዓመት ሙሉ ለጭብጨባ ብቻ ያነሳሁትን እጅ አወጣሁና «ጓድ፣ ፈረሱ ወፍራም ነው! ጆንያውን ገልጠህ እየው!» አልኩ። ከኋላዬ የአዴ ሩቂያ ቱ! ቱ! ተሰማ። አባ ዳማ ለካድሬው «እሱን ተወው፣ በመነጽር ነው የሚያየው» አሉት። ካድሬው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ ምሁራን ከሰፊው ሕዝብ ስለሚለዩበት ምክንያት አጭር ትምህርት ሰጠኝ። ከዚያ ታርጋው ከጋሪው ላይ ተፈታ።

ስንመለስ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ምን ሆነው ነው ሬሳ ነው ያሉት? እንጀራዎን እኮ ነው በገዛ አፍዎ የሰጡት!» አልኳቸው።

«በአፍ የሚባለው ለቡዳ ነው» አሉኝ። «ሰውየው ዓይን የለውም እንዴ? አይቶ አይፈርድም?»

«ጆንያ አልብሰውት ምኑን ይይ!»

ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። በማግስቱ ቡና የተጫነ የሌላ ሰው ጋሪ በደጃችን ሲያልፍ አዴ ሩቂያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበት ፈረስ እንደ ሙሽራ ደምቆ ጋጣው ውስጥ ቆሟል፤ ባለቤቶቹ ደግሞ ነገ ምን እንደሚበሉ አያውቁም። ያን ቀን ከመናደዴ የተነሳ ማልቀስ ሁሉ አማረኝ።

ብዙም ሳይቆይ ትእዛዝ መጣ። ጊዜው የሰፈራ ጊዜ ነበርና፣ በምርመራው ያለፉት ፈረሶች በሙሉ ለሰፋሪዎች ቤት መሥሪያ እንጨትና ቆርቆሮ እንዲያጓጉዙ ወደ ጎጀብ ቆላ ይውረዱ ተባለ። ጎጀብ ቆላ ገንዲ የሚያሲዝ ዝንብ አለ። ገንዲ የያዘው ፈረስ ቢበላም ይከሳል፣ ከስቶም ይሞታል፤ ይህን የማያውቅ ባለጋሪ የለም። ግን እምቢ ማለት የሚባል ነገር አልነበረም። እነዚያ የታጠቡና የተበጠሩ ፈረሶች በደጃችን ተሰልፈው ሲያልፉ ዳማ አንገቱን አስግጎ አሽካካ። የተመለሱት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ዳማ ገበያ ላይ ከወደቀበት ቀን ይብሱ ነበር።

አባ ዳማ አልሳቁም። በየባለጋሪው ቤት እየዞሩ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጡ። ሲመለሱ አጥሩን ተደግፈው «ባርሲሳ፣ ያን ቀን አፍህ ተሰምቶ ቢሆን ዳማም ሄዶ ነበር» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። እንደዚያ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ምን ትላላችሁ? አጋጣሚ ነው፣ እርስዎም አላወቁም፣ ቡዳ ከሰፈራ ጋር ምን አገናኘው፣ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ዘጋሁት።

ጥቂት ቆይቶ ያ ካድሬ ራሱ መጣ። ቡናው በየደጃፉ ተከምሮ፣ ያለወራቱ የመጣ ዝናብ ሊመታው ደርሷል፤ ወደ መፈልፈያው የሚያደርስ ጋሪ ግን ጠፍቷል። ታርጋውን በእጁ ይዟል። አባ ዳማ ጆንያውን ገለጥ አደረጉለት፤ ካድሬው ዳማን መጀመሪያ በቅጡ ያየው ያኔ ነው።

«እንዴ!» ብሎ ጮኸ። «ይሄ ፈረስ እንዴት ወፍሯል!»

ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል። በመንገዱ ደግሞ ሰው ያልፋል፤ የሰማውን ለበላይ የሚያደርስ ሰው። አዴ ሩቂያ ምራቃቸውን ሲያዘጋጁ እኔ ቀደምኳቸው።

«ኧረ ጓድ፣ ምኑን ነው የወፈረው? አጥንት ነው!»

ካድሬው አፍጥጦ አየኝ። «አንተ አይደለህ እንዴ ያን ቀን ወፍራም ነው ያልከው?»

«ያን ቀን መነጽር አድርጌ ነበር ጓድ» አልኩና መነጽሬን አወለቅሁ።

ካድሬው ፈረሱን አየ፤ እኔን አየ፤ ወደ መንገዱ ተመለከተ። ወፍራም ፈረሶች የት እንደሄዱ እሱም ያውቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነትህን ነው፤ ሬሳ ነው» አለና ታርጋውን ለአባ ዳማ ሰጣቸው። የዚያን ዓመት የሰፈራችንን ቡና ያጓጓዘው ሬሳው ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ወለደች። አዴ ሩቂያ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ልጁን ታቀፉት፤ ላየው ጎንበስ ስል ግን በመዳፋቸው ሸፈኑትና «ባርሲሳ፣ መነጽርህን!» አሉኝ።

ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ ባዮሎጂ ትዝ አለኝ። አወለቅሁ።

«ምን ያስጠላል ይሄ!» አልኩ።