ልጄን የጠየቀ ዩኒቨርሲቲ

ጉዳዩ ውስጥ የገባነው አራት ነን፤ ልጄ አስቴር፣ ባለቤቴ ዘነበች፣ ጎረቤታችን ጋሽ ክፍሌ፣ እኔም አባትየው።

አንባቢ ሆይ፣ ሳያይዎ የወደደዎን ሰው ያምናሉ? እኔ አላምንም። አንድ የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ መሐል ሜዳ ከተማ ላደገችው ልጄ «ወጪሽን ችዬ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ላስተምርሽ» ብሎ ጻፈላት። ልብ ወለድ እንድታነብ ቀለብ የሚሰፍርላት ምን ፈልጎ ነው?

«አባዬ፣ የወላጅ ፈቃዱ ላይ እስከ ዓርብ ካልፈረሙልኝ ይቀርብኛል» አለችኝ።

«ወጉ ጠፋሽ? የጨዋ ልጅ በመጀመሪያው ጥያቄ አትሰጥም። አክስቶችሽን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ሦስት ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። እነዚህም ከልባቸው ከሆነ ደግመው ይጠይቃሉ።»

«ሰውዬ፣ ትምህርት ቤት እኮ አማች አይደለም!» አለች ዘነበች።

«ደጅ ካልጠና ምኑን ጨዋ ሆነ?» አሉ ከሰዓት በኋላ ለቡና ጎራ ያሉት ጋሽ ክፍሌ። እኔም ደስ አለኝ።

ዓርብ አለፈ። ሰኞ ሁለተኛው ደብዳቤ በስልኳ መጣ። «አላልኩሽም?» ብዬ ብዕሬን አወጣሁ። አስቴር አንብባ ስልኳን አጠፋችው። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል።

ጥንቃቄ ያልኩት ኩራት ነበር፤ አልዋሽም። ኩራቴ ጋሽ ክፍሌን የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ አስከፈላቸው፤ ዘነበችን የስንት ሌሊት እንቅልፍ፤ እኔን የልጄን አመኔታ፤ አስቴርን የለፋችበትን ዕድል።