ንጉሡን ማን ፈታቸው?

[ሚዛን ተፈሪ፤ ከመነኻሪያው ማዶ ያለች የስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ። ከስልክ ሽፋኖቹ ጀርባ ቴሌቪዥንና ጌም ማጫወቻ አለ። የሱቁ ባለቤት ጀይላን ከቴፒ ሠርግ መመለሱ ነው፤ ሻንጣውን ገና ከትከሻው አላወረደም። ሱቁን ሲጠብቅለት የሰነበተው ጓደኛው ሲላስ ጆይስቲኩን ይዞ ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ የጌሙን ጀግና አንዲት ፍየል ትከተለዋለች።]

ጀይላን፦ ፍየል! ፍየል ገዛህ!

ሲላስ፦ አልገዛሁም። ጠፍታ አገኘኋት።

ጀይላን፦ ንጉሡ ግንብ ውስጥ ታስረው፣ አገሩ በሽፍታ ተወርሮ፣ ጀግናው ፍየል ይጠብቃል?

ሲላስ፦ አይጠብቅም። እሷ ናት የምትከተለው።

ጀይላን፦ እኔ የተውኩት ቦታስ የታለ? ግንቡ በር ላይ ነበርኩ እኮ! አንዲት ፍልሚያ ብቻ ነበረች የቀረችኝ! ዛሬ ስምንት ሰዓት ወጣቶች ማዕከል ክርክሩ ላይ፣ ሕዝብ ፊት፣ ንጉሡን ነጻ አወጣለሁ ብዬ ፎክሬ ነው የሄድኩት። “የኔን እንዳትነካ፣ ከመጀመሪያው ጀምር” አላልኩህም?

ሲላስ፦ ከመጀመሪያው ነው የጀመርኩት።

ጀይላን፦ ታዲያ ጨዋታህን ሴቭ አድርገህ ስታስቀምጥ ጌሙ ምን አለህ?

ሲላስ፦ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። እሺ አልኩት።

ጀይላን፦ “የድሮው ይጥፋ ወይ?” ነው እኮ ያለህ!

ሲላስ፦ እኔ በምን አውቃለሁ? ሳይገባኝ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር መሰለኝ።

[ጀይላን ሻንጣውን ይጥልና ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል።]

ጀይላን፦ ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበት!

ሲላስ፦ አይዞህ። እኔም ዝናቡ ገበያ አላስወጣ ሲል ስለፋ ነው የሰነበትኩት። የኔን ውሰድና አሳያቸው።

ጀይላን፦ ምኑን? ፍየሏን? እኔ የምከራከረው ስለ ክፍት ዓለም ጌም ነው፤ ስለ እርባታ አይደለም! ርዕሱ “ክፍት ዓለም ወይስ ቀጥተኛ መስመር?” ነው።

ሲላስ፦ ቀጥተኛ መስመር የሚባለው የትኛው ነበር?

ጀይላን፦ ስንቴ ልንገርህ? ጌሙ በአንድ መንገድ ይነዳሃል። ግራ ብትል ግድግዳ፣ ቀኝ ብትል ገደል።

ሲላስ፦ የማጂ መንገድ በለኛ።

ጀይላን፦ አዎ! ወይ ትሄዳለህ፣ ወይ ትመለሳለህ። ክፍት ዓለም ግን ነጻነት ነው! ተራራ አየህ? ትወጣዋለህ። ወንዝ አየህ? ትሻገረዋለህ። ማንም አይመራህም!

ሲላስ፦ ታዲያ ባሕሩ ጋ ስደርስ ለምን “ከዚህ አይታለፍም” ብሎ መለሰኝ?

ጀይላን፦ እሱ... ዓለሙ እዚያ ጋ ስለሚያልቅ ነው።

ሲላስ፦ ክፍት ነው አላልክም?

ጀይላን፦ እስከሚዘጋበት ድረስ ክፍት ነው! አትጨቅጭቀኝ!

ሲላስ፦ እኔማ ያችን የዋሻዋን ጌም ነው የምወደው። ልጅቷ ወንድሟን የምትፈልግባትን።

ጀይላን፦ እሷማ ቀጥተኛ ናት! በሩ ከኋላህ ይዘጋል፤ ወደፊት ብቻ!

ሲላስ፦ ይዘጋ። ወንድሟ ሲሞትባት ግን አልቅሻለሁ።

ጀይላን፦ ይኸው! እሱን ነው የምልህ! አልቅስ ያሉህ ቦታ አለቀስክ!

ሲላስ፦ ሰው ሲሞት ሌላ የት ሄጄ ላልቅስ?

[ጀይላን ሻንጣውን በእግሩ ወደ ጥግ ይገፋል።]

ሲላስ፦ አክስቴ ተረት ስትነግረን “ጅቡ አሁን በየት በኩል ይሂድ?” ብላ ጠይቃን አታውቅም። ዝም ብላ ትነግረናለች፤ እኛም ዝም ብለን እንፈራለን።

ጀይላን፦ አንተ ሰውዬ ለመሆኑ የማን ወገን ነህ? በል ተወው። ሚሽኑስ? አንድም ሚሽን አልጨረስክም?

ሲላስ፦ እዚያ አገር ሚሽን አላየሁም። የካቶሊክም የለ፣ የጴንጤም የለ። አንዲት አሮጌ ገዳም ብቻ አለች።

ጀይላን፦ የቤተ ክርስቲያን ሚሽን ማን አለህ! ተልእኮ! ግዳጅ! ከመንደሩ ስትወጣ አንድ መልእክተኛ “ንጉሡ ታስረዋል፣ ቶሎ ድረሱላቸው!” ብሎ አልጮኸብህም?

ሲላስ፦ ያ ሰውዬ? መጀመሪያማ ደንግጬ ነበር። በማግስቱ ባልፍም “ቶሎ” ይላል፤ በሦስተኛውም ቀን “ቶሎ”። ከልቡ ቢቸኩል ኖሮ ራሱ አይሄድም ነበር?

ጀይላን፦ ያ ረቢ! ቢጫዋ ቀስትስ? ስክሪኑ አናት ላይ መንገድ የምታሳይህ?

ሲላስ፦ አጠፋኋት።

ጀይላን፦ ምን?!

ሲላስ፦ እንደ መነኻሪያ ደላላ ሆነችብኛ! ወንዝ ልይ ስል “በዚህ፣ በዚህ”፤ ማር ልቁረጥ ስል “በዚህ፣ በዚህ”። ማጥፊያዋን ፈልጌ አጠፋኋት።

ጀይላን፦ ያለ ቀስት ሰው የት እንደሚሄድ በምን ያውቃል?

ሲላስ፦ ማንም አይመራህም ያልከኝ አንተ አይደለህ?

[ጀይላን ሊመልስ አፉን ሲከፍት ኢክላስ ጥላዋን እያራገፈች ትገባለች። የወጣቶች ማዕከሉን ክርክር የምታዘጋጀው እሷ ናት።]

ኢክላስ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ጀይላን፣ እንኳን ደህና መጣህ። ባጃጁ ደጅ ቆሟል፤ ዕቃውን እንጫን። [ሲላስ የከፈተውን የጌሙን ካርታ ስክሪኑ ላይ አይታ ትቆማለች።] ውይ! ይሄ ካርታ!

ጀይላን፦ ኢክላስ፣ ላስረዳሽ። አንድ አደጋ ደርሶብኝ...

ኢክላስ፦ ሁሉም ተገልጧል እኮ! ጥጋጥጉ ሳይቀር! የኔ ካርታ፣ ያልደረስኩበት ሰሜኑ እስካሁን ጨለማ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ትክክለኛውን ሰው ነው የመረጥኩት!

ጀይላን፦ [ጉሮሮውን እየጠረገ] ያው እንግዲህ... ክፍት ዓለም ማለት ይሄ ነው።

[ሲላስ ከስክሪኑ ዞሮ ያየዋል።]

ኢክላስ፦ ይቺ ፏፏቴ ጋ እንዴት ወጣህ? እኔ መንገዱ ጠፍቶኝ ተመለስኩ።

ጀይላን፦ ፏፏቴዋ ጋ? ቀላል ነው። ቀጥታ፣ ወደ ላይ።

ሲላስ፦ ገደል ነው እሱ። በንብ ቀፎዎቹ በኩል ዞሮ ነው።

ጀይላን፦ በንብ ቀፎዎቹ በኩል ዞሮ።

ኢክላስ፦ ንጉሡንስ?

ጀይላን፦ ንጉሡን ለመጨረሻ ብዬ ነው የተውኳቸው።

ኢክላስ፦ ምን ትላለህ? ተፈትተዋል እኮ! ባንዲራቸው ግንቡ ላይ ተሰቅሏል።

ጀይላን፦ [ወደ ስክሪኑ እየተንደረደረ] ማን ፈታቸው?

ሲላስ፦ ንጉሡ የትኛው ናቸው?

ጀይላን፦ ግንቡ ውስጥ የታሰሩት ናቸዋ!

ሲላስ፦ ከወጥ ቤቱ ጀርባ የነበሩት ሽማግሌ? እሳቸው ናቸው ንጉሡ? አንዲት ሴትዮ እንጨት ተሸክማ ሳግዛት በወጥ ቤት በኩል አስገባችኝ። ሽማግሌው ታስረው ሳያቸው አሳዘኑኝ፤ ፈታኋቸው። ዘውድ እንኳን አልነበራቸውም።

ጀይላን፦ ጠባቂውስ? ያ ባለ ሁለት መጥረቢያው? እኔን ሲገድለኝ የከረመው?

ሲላስ፦ እሱ ፊት ለፊት በር ላይ ይሆናል። አልተገናኘንም።

ኢክላስ፦ ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ጨዋታ የማን ነው?

[ፍየሏ ከስክሪኑ ትጮኻለች።]

ጀይላን፦ እሺ፣ የሲላስ ነው። የኔ ጠፋ። ግን ማስረጃ አለኝ! ከመሄዴ በፊት ፎቶ አንስቼዋለሁ። [ስልኩን ያወጣል።] ይኸውልሽ፣ እስከ ግንቡ በር ድረስ።

ኢክላስ፦ [ስልኩን አንዴ አቅርባ፣ አንዴ አርቃ] ሁሉም ጨለማ ነው። ይቺ በመሀል ያለችው ነጭ ክር ምንድን ናት?

ጀይላን፦ እኔ የሄድኩበት ነዋ።

ኢክላስ፦ ከመንደሩ እስከ ግንቡ አንዴም አልታጠፍክም?

ጀይላን፦ ቀስቷ አልታጠፈችማ!

[ኢክላስና ሲላስ ይተያያሉ።]

ኢክላስ፦ ጀይላን፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ለቀጥተኛ መስመር የሚከራከረው አሞጽ ቅድም ደውሎ ነበር። ሸኮ ላይ ዝናቡ መንገድ ዘግቶበት አይደርስም። ማንን ልተካ እያልኩ ነበር የመጣሁት። አንተ በሱ ቦታ ግባ፤ ለክፍት ዓለም ሲላስ ይቁም።

ጀይላን፦ እኔ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ስለ ነጻነት ስሰብክ የኖርኩት ሰውዬ?

ኢክላስ፦ ስብከትህንማ ሰምተናል። ኑሮህ ግን ይኸው ስልክህ ላይ ነው።

ሲላስ፦ ኧረ እኔ መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም።

ጀይላን፦ ይኸው! እስቲ ጠይቂው፣ ምን ብሎ ሊናገር ነው?

ሲላስ፦ እኔ እንጃ። እዚያ ስደርስ አየዋለሁ። ከጠየቁኝ እመልሳለሁ፤ ካልጠየቁኝ ሌላውን ሰው አዳምጣለሁ።

ጀይላን፦ ሰማሽው? ያለ ምንም ዝግጅት! እኔ እኮ... [ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ይዘረጋል] መግቢያ፣ አንደኛ ነጥብ፣ ሁለተኛ ነጥብ፣ መደምደሚያ! የቱ ጋ ቆሜ ውኃ እንደምጠጣ፣ የቱ ጋ እንደሚጨበጨብልኝ ሳይቀር በተራ በተራ ጽፌዋለሁ!

ኢክላስ፦ [ወረቀቱን አይታ መልሳ እየሰጠችው] አንዲት ቃል እንዳትነካ። ርዕሱን ብቻ ቀይር።