ለስኮላርሺፕ የታየ ሕልም

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይላል የአገሬ ሰው። ይሁንና የአገሬ ሰው ሲተርትና ሲኖር ለየቅል ነው፤ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ሕልምን እንደ ዋዛ አያየውም። ሌላ አገር ሰዎች ጧት ሲገናኙ «እንዴት አደርክ?» ይባባሉና መልሱን ሳይሰሙ ይተላለፋሉ። እኛ ሰፈር ግን «እንዴት አደርክ?» የምር ጥያቄ ነበር። ምን አየህ? በቅሎ ነው አህያ? ወንዙ የጠራ ነው ድፍርስ? ወለቀ ያልከው ጥርስ የላይኛው ነው የታችኛው? ይህ ሁሉ ተጠይቆ፣ «ሸጋ ነው፣ ለበጎ ያርገው» ተብሎ ነው ቁርስ የሚቀርበው። ክፉ ሕልም ያየ ሰው ቁርሱ ይቀዘቅዝበታል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ሰሞኑን ልጄ ከማራኪ መጣች። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ትምህርቷ ከመሬት በታች ስለሚሄድ ውሃ ነው። ስልኳን አውጥታ ፊቴ ላይ ደቀነችና «አባዬ፣ ስኮላርሺፑን አገኘሁት!» አለችኝ። እኔም እሰይ ማለት ሲገባኝ መነጽሬን መፈለግ ጀመርኩ። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር። መልሷን እስከ ቅዳሜ ማሳወቅ አለባት፤ «ምን ትላለህ?» ስትለኝ «እስቲ ይደር» አልኳት። ሳቀች። የዘመኑ ልጅ ይደር ሲባል ሽማግሌው እንቅልፉ መጥቷል ብሎ ነው የሚያስብ።

ምን ላድርግ ታዲያ? ስኮላርሺፕና ቅዳሜ ተያይዘው ቤቴ ሲገቡ ይህ ሁለተኛቸው ነው።

የመጀመሪያው በንጉሡ ዘመን ነው። ጣሊያን ከወጣ ቆይቷል፤ መንገዱንና ማኪና፣ ቦርሳ የሚባሉትን ቃላት ትቶልን ሄዷል። ቃላቱ እስከ ዛሬ ደህና ናቸው፤ መንገዱ ግን በየክረምቱ ይናዳል። እኔ አዲስ አበባ ምህንድስና ጨርሼ፣ እዚሁ ጎንደር በመንገድ ሥራ ተቀጥሬ፣ አራዳ በሚባለው ሰፈር እናቴ ቤት የምኖር ጎረምሳ ነበርኩ። ሥራችንን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከደባርቅ ወዲያ፣ ሊማሊሞ ላይ፣ ተራራው ይናዳል፤ እኛ እንጠርጋለን። ተራራው ይናዳል፤ እኛ እንጠርጋለን። ለምን እንደሚናድ የሚያውቅ በመካከላችን አልነበረም። «እግዜር ሲቆጣ ነው» የሚል ነበር፣ «ጣሊያን ሆን ብሎ ነው እንዲህ የሠራው» የሚልም ነበር፤ ሁለቱም ወገን አካፋ ይዞ አብሮ ይጠርግ ነበር።

ሊማሊሞን ያላያችሁ ካላችሁ፣ እንዴው ዝም ብላችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጧት ከአፋፉ ላይ ስትቆሙ ደመናው ከእግራችሁ በታች ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደመናው ውስጥ ይገባና ይጠፋል። እታች፣ እሩቅ፣ አዲ አርቃይ የሚባል ከተማ አለ ይባላል፤ አይታይም። የማኪና ድምፅ ይሰማል፤ ማኪናው ግን የለም። ከዚያ ድንገት ከጉሙ ውስጥ ሁለት መብራት ብቅ ይላል፣ ሹፌሩ እጁን ያወዛውዛል፣ እንደገና ይዋጣል። እዚያ የሠራ ሰው የነቃበትንና የተኛበትን ሰዓት ለመለየት ይቸግረዋል። እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት አንድ ሕልም ነበረችኝ፤ ጉሙ ውስጥ ቆሜ የከባድ ማኪና ድምፅ እሰማለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ማኪናው አይደርስም።

ምክንያቱን ታውቁት ዘንድ፣ አባቴ ነጋዴ ነበር። እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት በዕቃ ማኪና ተሳፍሮ ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ ሊማሊሞ ላይ ተራራው ተናደ። ማኪናውም አልተገኘ፣ አባቴም አልተገኘ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ አለቃዬ አስጠሩኝና «አንተ ልጅ፣ ዕድለኛ ነህ» አሉኝ። ስዊዘርላንድ የሚባል፣ ተራራ ብቻ የሆነ አገር፣ በምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ለሚማር አንድ ሰው ስኮላርሺፕ ሰጥቷል። ትምህርቱም ተራራ እንዴት እንደሚናድና እንዴት እንደሚያዝ ነው። «መልስህ በቅዳሜው አውሮፕላን ከአዘዞ መሄድ አለበት። ያለዚያ ለሌላ ይሰጣል» አሉኝ። ወደ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ይሁን በክንፍ እስካሁን አላስታውስም።

እናቴ ወይዘሮ ደብሪቱ ጥጥ ትፈትል ነበር። ነገሩን ስነግራት እንዝርቷ ቆመ።

«ምንድር ነው የምትማረው?»

«ተራራ ለምን እንደሚናድ።»

እንዝርቷን የጥጥ ቅርጫቷ ውስጥ አኖረች። «ፈረንጅ ይኼን ያውቃል?» አለችኝ።

«ያውቃል ይላሉ፣ እማ።»

«ሸጋ ነው እንግዲያ። ግን ምንም አላየሁም።»

ሕልም ማለቷ ነው። «አባትህ የሄደ ለት ሌሊቱን ምንም አላየሁ» አለች። «ክፉም ቢሆን ሕልም ባየሁ ኖሮ አስቀረው ነበር። ባዶ ነው ያደረው። ከዚያ ወዲያ ባዶ አድሬ ሰው አልሸኝም ብያለሁ፤ አልሸኝም። ሳልመርቅህ ትሄድ እንደሆነ ሂድ፣ እግርህን አልያዝኩ።»

ይህን የሰማ የጎንደር ልጅ ወዴት ይሄዳል? እግሩን ቢይዙት ይሻለው ነበር።

ወሬው ባንድ ቀን አራዳን አዳረሰ። በማግስቱ ጧት ጎረቤታችን እትዬ ጠጅቱ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ሕልም እንደ ዝናብ የሚዘንብላቸው ሴት ናቸው። «በነጭ በቅሎ ባሕር ላይ ስትሄድ አየሁህ» አሉኝ፤ «የበቅሎዋ እግር አልራሰም።» ልብስ ሰፊው አያ ቢምረው ደግሞ ኮት ሲሰፉልኝ አድረዋል፤ እጅጌው አላልቅ ብሏቸው ሲሰፉ፣ ሲሰፉ፣ ጫፉ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያው ደርሶ ነው የነቁት። ከዚህ የበለጠ ሸጋ ሕልም ከየት ይመጣል? እናቴ ግን «የሰው ሕልም የሰው ነው» ብላ ዘጋችው። እትዬ ጠጅቱ ከልባቸው አዘኑ። «ምነው ደብሪቱ፣ ውሰጂው እንጂ! እኔ ዛሬም ሌላ አያለሁ» ብለው ለመኗት። አልወሰደችም።

ሕልም የሚመጣው በእንቅልፍ ነውና ሰፈሩ በሙሉ እናቴን ለማስተኛት ዘመተ። አያ ቢምረው የስፌት መኪናቸውን ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጉ ጀመር። እትዬ ጠጅቱ ውሻቸውን ዘመድ ቤት ወስደው አሰሩት። የዜማ መምህሩ የኔታ ክንፉ፣ የሰፈራችን ሕልም ፈቺም እሳቸው ናቸው፣ ተማሪዎቻቸውን ማታ ማታ በለሆሳስ አዚሙ አሏቸው። አንድ ሰፈር ሙሉ ለአንዲት ሴት እንቅልፍ ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። ትራሷ ሥር ዳዊት ተደረገ። እራቷ ቀለለ። ዶሮ ሳይሰፍር መጋረጃዋን ጋርዳ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ጧት እኔ «አየሽ?» እላለሁ፣ እሷ «ኧረ ምንም» ትላለች። ማክሰኞ ምንም። ረቡዕ ምንም። ፊቷ እየጠቆረ፣ ዓይኗ እየጎደጎደ ሄደ። ከቅርጫቱ ውስጥ የነበረው ጥጥ ደግሞ እንደ ጉድ ይቀንሳል። እኔ በአካፋና በቁና አፈር ለክቼ የማድር መሐንዲስ፣ ይህቺ ሴት ይኼን ሁሉ ጥጥ መቼ ትፈትለዋለች ብዬ አላሰብኩም። የራሴ ጭንቀት ይበቃኝ ነበር። የመልሱ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ላብ ጠጥቶ ለስልሷል፤ ቅዳሜ እየመጣ ነው፤ ያ የማይደርስ ማኪና በየሌሊቱ ያጓራል።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ። «ተነሥ፣ የኔታ ዘንድ እንሂድ። አየሁህ!»

የኔታ ክንፉ ከጎጇቸው ደጃፍ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። እትዬ ጠጅቱም ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ከኋላችን ደርሰዋል። እናቴ ጉልበት ስማ ጀመረች።

«የኔታ፣ ልጄን አየሁት። ነጭ አገር ነው፤ ተራራው ነጭ፣ መሬቱ ነጭ። ከላይ ነጭ ነገር እየበነነ ትከሻው ላይ ያርፋል። እሱ ግን አይበርደውም። ከዚያ ሸጋ መንገድ ይዞ ቁልቁል ወረደና፣ ከደጄ ቆሞ ‹እማ› ሲለኝ ሰማሁት።»

«ምን ጊዜ ነው ያየሽው?» አሉ የኔታ።

«ሊነጋጋ ሲል ነው።»

የኔታ ዓይኗን አተኩረው አዩት። ጭራቸውን አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አደረጉ። «የንጋት ሕልም አይስትም» አሉ በመጨረሻ፤ «ነጩ ብርሃን ነው፣ ዕውቀት ነው። ሄዶ ይመለሳል። ሸጋ ሕልም ነው፣ ወይዘሮ ደብሪቱ።» ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ አንድ ነገር አሏት፤ አልሰማሁትም። እትዬ ጠጅቱ «አሜን!» አሉ፤ ትንሽ ሳይቀኑ አልቀሩም። እናቴ እዚያው የኔታ ደጅ ላይ መረቀችኝ፤ ቅዳሜም መልሴ በረረ።

ስዊዘርላንድ በገባሁ በሁለተኛው ወር ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ሳለ ከሰማይ ነጭ ነገር መበነን ጀመረ። ቀና ስል ተራራው ነጭ፣ መሬቱ ነጭ። ትከሻዬን ባየው እናቴ ፈትላ ያሰራችልኝ ጋቢ ላይ ነጩ አርፏል፤ አልበረደኝም። ቆሜ አለቀስኩ። አብሮኝ የሚማር ፈረንጅ በረዶ ፈርቼ መስሎት «አይዞህ፣ አይጎዳም» ብሎ ወደ ውስጥ ሊያስገባኝ ሞከረ። ምን ብዬ ላስረዳው? አራዳን አንድም ቀን ለቃ የማታውቅ ሴት ይህን ቀን ቀድማ አይታዋለች ልበለው? ከዚያ ወዲያ ፈተና ሲከብደኝ፣ ሰው ሲናፍቀኝ፣ የአፈርና የተራራ ክብደት ስሌት ዓይኔን ሲያዞረው፣ ልቤ የሚደገፈው በዚያች ሕልም ነበር። ሕልሙ ከደጄ ቆሞ አለ እንጂ ፈተና ወድቆ አላለማ!

ተምሬ ተመለስኩ። ከደጃፉ ቆሜ «እማ» አልኩ። እልልታው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሥራዬን ከጀመርኩ በኋላ፣ አባቴ የቀረበትን የሊማሊሞን መታጠፊያ በድጋፍ ግንብና በውሃ መውረጃ አሰርን። አንድ ክረምት አለፈ፣ አልተናደም። ያን ጊዜ እናቴን በመሥሪያ ቤቱ ማኪና ይዣት ሄድኩ። ጉሙ ከእግራችን በታች ተኝቷል። ግንቡን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ታዲያ ለምን ነበር የሚናደው?»

«ውሃ ነው፣ እማ። ክረምት ወደ ውስጥ ይሰርግና መውጫ ሲያጣ ከውስጥ ይገፋል። ተራራው ላዩን ሲያዩት ደህና ነው፤ አንድ ቀን ግን ይሄዳል።»

«እንደ ሰው ነዋ» አለች።

ልቤ ተነካና፣ ሳልነግራት የቆየሁትን ስለዚያ የበረዶ ቀን ነገርኳት። «ሕልምሽ እኮ ነው ያቆመኝ» አልኳት። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«የምን ሕልም? ልጄ፣ ያን ሳምንት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

«ፈራኋ» አለች። «ብተኛና ባዶ ቢሆንስ? እንደ አባትህ ለት ባዶ ቢያድርስ? እንዴት ብዬ እሸኝሃለሁ? እንዴትስ ብዬ አስቀርሃለሁ? ስለዚህ አልተኛሁም። ጓዳ ተቀምጬ ጋቢህን ስፈትል ነው የማድረው። ጥጡ ይበናል፣ ትከሻዬ ላይ ያርፋል። የዓርብ ለት ልነግርህ ስል ሌላ ምን ነጭ ነገር አውቄ?»

«የኔታስ?»

«የኔታማ ዓይኔን አይተውት የለ? ደም መስሏል። በጆሮዬ ያሉኝ ‹አሁን ሄደሽ ተኚ› ነው።»

እንዲህ ነው እንግዲህ። ተረቱ ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይላል፤ እናቴ ሕልም ማጣትን ፈርታ ሳትተኛ ያደረችበትን ሌሊት ግን ተራቹ አላሰበውም። ሙያዬ መሠረት የሌለው ነገር አይቆምም ይለኛል። እኔም በኋላ መምህር ሆኜ ለተማሪዎቼ ይህንኑ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ በምን ላይ ቆሜ እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም።

አሁን እናቴም፣ የኔታም የሉም። ባለቤቴም ካረፈች ወዲህ የቀረችኝ ይህቺው ልጅ ናት። እሷ ስለ ሕልም አልጠየቀችኝም፤ የምትጠብቀው «ሂጂ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት። እኔ ግን እንደ እናቴ፣ ባዶ አድሬ ልሸኛት አልቻልኩም።

ይህን ስጽፍላችሁ ዓርብ ሊነጋ ነው። አንድም ሌሊት ጎኔን አላሳረፍኩም። ሕልሙን ግን ጨርሼዋለሁ፤ የጠራ ውሃ ነው፣ ከመሬት ሥር እየፈለቀ ይወጣል፣ ልጄም መንገዷን ይዛ ከሩቅ ትመጣና ከደጄ ቆማ «አባዬ» ትላለች። ሲነጋጋ ደውዬ ልጠራት ነው። ከዚያ በፊት ዓይኔን በቀዝቃዛ ውሃ ልታጠብ፤ እሷም እንደ የኔታ ዓይን ታያለች።