ኮምፒውተሬን ያጸዳሁ ዕለት

ጽዳት የሚባል ነገር ስንቱን ጤነኛ ዕቃ ገድሎ እንደቀበረ ብታውቁ! አቧራውን ለብሶ በሰላም የሚሠራን ዕቃ ከፍቶ እንደ መጥረግ ያለ ጠብ አጫሪነት የለም። አትሳቁ… ደርሶብኝ ነው።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ዳር ፎቶ አትማለሁ፤ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮም አቀናብራለሁ። የገዳሪፍን አቧራ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ደግሞ ምሳችሁን ሳትከድኑ እጃችሁን ልትታጠቡ ሂዱ፤ ስትመለሱ ትተዋወቃላችሁ። ኮምፒውተሬ ይህን ሁሉ ውጦ፣ እንደ ወፍጮ እየጮኸ፣ አንድ ቀን ሳያስቀይመኝ ኖሯል።

ባለፈው ዓርብ ግን የከበረ እንግዳ ልቀበል ሆነ። እትየ ሙሉ የመተማ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ትርንጎ እዚህ ገዳሪፍ ስትዳር የድንበሩ የገላባት መንገድ ተዘግቶ ከሠርጉ ቀሩ። አሁን ሲከፈት በጭነት መኪና ተሳፍረው መጡ፤ እሑድ ይመለሳሉ። ሠርጉን የቀረጽሁት እኔ ነኝ፤ ቪዲዮው ያለው ደግሞ በዚያው በኔ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

“ለእንዲህ ያሉ እናት በዚህ ቆሻሻ ሳጥን ሠርግ አይታይም!” አልሁና ጠዋት ከፍቼ ተሸክሜው ወደ ጎረቤቴ ወደ ዑስማን ሄድሁ። ዑስማን ሱዳናዊ ጎማ ጠጋኝ ነው፤ አማርኛ የለመደው ከእኛው ጋር ሲጨቃጨቅ ነው።

“ዑስማን፣ እስቲ በጎማ መንፊያህ እፍ በልልኝ።”

“ያ ዞል! አንተ ሰው፣ ይኼ ጎማ ነው እንዴ?”

“ንፋስ ንፋስ ነው፤ ልቀቀው!”

ለቀቀው። የወጣው ደመና ዝናብ የያዘ መስሎ መንገደኛው ሁሉ ቀና አለ። እዚህ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት? እኔ ግን አንድ ጊዜ ጽዳት ገብቶብኛል… ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘውን ብረት ፈትቼ አነሣሁት። ከሥሩ የወፍ ኩስ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎ አገኘሁ። “አንተ ቆሻሻ፣ እዚህም ገባህ!” ብዬ በጥጥና በአልኮል ፈግፍጌ መስተዋት አስመሰልሁትና ብረቱን መልሼ ገጠምሁ።

ከሰዓት በኋላ እትየ ሙሉ ከትርንጎ ጋር መጡ። ያን ጊዜ ለሠርጉ ያሰፉትን ቀሚስ ለብሰዋል። ወንበር ሰጥቼ ቪዲዮውን ከፈትሁ። ሙሽራዋ ወጣች፤ እልልታው ቀለጠ፤ የአክስቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች… ድርቅ!

“ምነው ቆመች?” አሉ እትየ ሙሉ።

“ምስሉ ነው እትየ፤ አሁን ይቀጥላል።”

አጥፍቼ አበራሁት። ሙሽራዋ ወጣች፣ ጎንበስ አለች፣ ድርቅ! እንደገና አበራሁት። አሁንማ ከደጃፉ ሳትወጣ ደረቀ።

“ኧረ ልጄን ጎንበስ እንዳለች አታስቀርብኝ!”

ገመድ ነቅዬ ሰካሁ። ሚሞሪውን አውጥቼ አሽቼ መለስሁ። ዑስማን ብቅ ብሎ፣ “ንፋሱ አንሶት ይሆን? ልጨምርለት?” ሲለኝ በቁጣ አባረርሁት። ሠርጉን የበላሁት መስሎኝ ላቤ ጀርባዬን አራሰው። በመጨረሻ ኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ወዳጄ ለተክሌ ደወልሁ።

“ሲሞቅ ነው የሚቆመው?” አለኝ።

የሳጥኑን ሆድ ዳሰስሁ። ጣቴን ለበለበኝ። አያችሁልኝ? የሠርግ ሰው ሞቅ ሲለው ይነሣል፤ የኔው ሞቅ ሲለው ይቆማል!

“ብረቱን ፈትተኸው ነበር?”

“አዎ፣ አጸዳሁት።”

“ከሥሩ ያለውን ነጭ ቅባትስ?”

“እሱንማ ሙልጭ አድርጌ ጠረግሁት!” አልሁ፣ ምስጋና እየጠበቅሁ።

ከስልኩ ውስጥ የተክሌ ሳቅ መጣ… “ሓወይ! ወንድሜ፣ ሙቀቱን ወደ ብረቱ የሚያሳልፈው እኮ እሱ ነው!”

“ሠርጉስ ጠፋ?”

“ሠርጉ ደኅና ነው። ቅባቱን ገዝተህ ቀባው።”

“ዓርብ ነው፤ ዕቃ ሻጩ ሁሉ ዘግቷል” አልሁት። “እንግዲያው ክፍቱን ትተህ ትልቅ ማራገቢያ ደቅንበት። ሲቆም አጥፋው፤ ሲበርድ አብራው” አለኝ።

ሠርጉ በዚህ ዓይነት ቀጠለ። ትንሽ ሄዶ ይቆማል፤ እስኪበርድ ትርንጎ ለእናቷ ታወራለች፤ ሙሽራው ቬሎዋን ረግጦ ሊጥላት እንደነበር፣ አማቷ ከደስታ ብዛት የሰው ጫማ አድርገው እንደሄዱ… እትየ ሙሉ ይስቃሉ። ሳቁን የሰማ ጎረቤት ገባ። የሙሽራው አጎት ትከሻውን ሰቅሎ ሲደርቅ ጊዜ ዑስማን ባዶ ጀሪካን ይዞ መጣና መታ፤ የአጎትየውን እስክስታ እኛ ጨረስንለት።

ከዚያ ምርቃቱ መጣ። የትርንጎ አባት በሕይወት የሉም። ለእናት የተዘጋጀው ወንበር ባዶውን ይታያል። ኮምፒውተሩ ምን አባቱ ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ እዚያው ላይ ደረቀ። ዑስማን ጀሪካኑን አስቀመጠ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

እትየ ሙሉ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ትርንጎ፣ ነይ።”

ልጅት ከሱቄ ወለል ላይ ተንበረከከች። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው፣ “ውለጂ፣ ክበጂ፣ ባገር በሰላም ኑሪ፤ ደጅሽ አይዘጋ” እያሉ መረቁ፤ እኛ አሜን ስንል ዑስማን “ኣሚን” ይላል። እልልታው ከቪዲዮው የባሰ ነበር። ማራገቢያውን ማን እንዳዞረው እንጃ፣ የእትየን ነጠላ ሲያርገበግብ አየሁት። ኮምፒውተሩን ያስታወሰው የለም።

ቅዳሜ ቅባቱን ገዛሁ፤ ቀባሁት። እሑድ ጠዋት እትየ ሙሉ ከመሳፈራቸው በፊት ብቅ ሲሉ ቪዲዮውን ከዳር እስከ ዳር፣ አንዴ ሳያስነጥሰው፣ አሳየኋቸው። ደረቴን ነፍቼ ጠበቅሁ።

“እንዴት ነው እትየ?”

“እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ጥሩ ነው…”

“ግን?”

“ምነው ጥድፍ ጥድፍ አለ? ያንን የሚቆመውን የለህም?”